ልብሱ ያልደረቀለት ሰው

ሦስቱ ጓደኛሞች አንድ ጨዋታ ነበራቸው፤ የሚጫወቱት ሳይሆን የሚያወሩት። አንዱ ባለቤቴ ነው። ሁለተኛው ትራክ የሚነዳ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው ሳያስቅ የማይወጣ ቀልደኛ ነው። ሦስተኛው ካናል ዊንቸስተር አካባቢ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ይሠራ የነበረ፣ ዛሬ በሕይወት የሌለ ሰው ነው። ይህን የምጽፈውም በእሱ ምክንያት ነው። ሦስቱም ዲቪ ደርሷቸው በአንድ ዊንተር ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ገቡ፤ ኖርዝላንድ ሰፈር ውስጥ አንድ አፓርትመንት ተጋርተው ኖሩ። እኔ የመጣሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ስመጣ ጨዋታው ተጀምሮ፣ አልቆ፣ ተረት ሆኖ ጠበቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከተማችን ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን፣ እነሱ «ቀያዮቹ» የሚሉት፣ የተሸነፈ ወዲያው በሚሰናበትበት በዚያ የማርች ውድድር ላይ ይጫወታል። ሦስቱ ጓደኛሞች ሞርስ ሮድ ላይ ወደነበረ ላውንደሪ ልብስ ሊያጥቡ ሄደው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ቲቪ ያዩታል። ቀያዮቹ ተበልጠው ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አንዱ ልጅ ከሩቅ ይወረውርና አቻ ያደርጋቸዋል። ተጨማሪ ሰዓት ይሰጣል። በተጨማሪው ሰዓት፣ ልብ ልትወጣ ስትል፣ ያው ልጅ ደግሞ ያገባና ያሸንፋሉ። አለቀ።

እኔ በአጭሩ ጻፍኩት እንጂ እነሱ ሲያወሩት ምሳ ይበርድ ነበር። ባለቤቴ ኳሱ ከየት እንደተወረወረ ለማሳየት ከኩሽናው በር እስከ ሶፋው ድረስ እየተራመደ ይለካል። ቀልደኛው ቀይ ሹራብ ለብሶ አጠገባቸው ቆሞ የነበረ ፈረንጅ እንዴት ጥፍሩን ይበላ እንደነበር ይተውናል። መጨረሻዋን፣ የማሸነፊያዋን ኳስ፣ የሚናገረው ግን ሁልጊዜ ሦስተኛው ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የታጠበ ብርድ ልብስ በክንዱ የያዘ ይመስል ክንዱን አጥፎ፣ ኳሱ ቀለበቱ ላይ ዞሮ ዞሮ እንዴት እንደገባ ሲናገር እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ሰምቼው ይገባ ይሆን ብዬ ትንፋሼን እይዝ ነበር። ሁለቱ በዚያ ሰዓት ዝም ይላሉ። አክብረውት ነው የሚመስለኝ።

ቀልደኛው ባለቤቴን «አስተርጓሚው» ይለዋል። ይህንንም እንግሊዝኛ ቀድሞ የለመደው እሱ ስለሆነ ነው ብዬ ትቼው ነበር።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ ማርች ላይ ወረርሽኙ ገባና ውድድሩ ተሰረዘ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ቤተክርስቲያኑ ተዘጋ፤ ዌርሃውሱ ግን አልተዘጋም። ሰው ሁሉ ከቤቱ ሆኖ ዕቃ ሲያዝ፣ ዕቃውን የሚያሽገው የሦስተኛው ጓደኛቸው ኦቨርታይም በረከተ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስቱ ኮንፈረንስ ኮል ያደርጋሉ። የሚታይ ጨዋታ ስለሌለ የድሮዋን ያወራሉ። እኔ ሰሃን እያጠብኩ በስፒከር እሰማለሁ።

«እሺ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው፤ ማን ጋ ነው ኳሱ?» ይላል ቀልደኛው፣ ልክ አሁን የሚተላለፍ ይመስል።

«እኔ ጋ አይደለም፤ እኔ ሶፋ ላይ ነኝ» ይላል ባለቤቴ።

«አንተማ ሁልጊዜ ሶፋ ላይ ነህ። በል ወንድሜ፣ መጨረሻዋን ንገረን።»

አንድ ቅዳሜ ከሦስተኛው ስልክ ሳል ተሰማ፤ ሲቆይ «ዛሬ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ አንተ ጨርሰው» አለ።

«የኔ አያምርም። ያንተ ይሻላል» አለው ቀልደኛው።

«እንግዲያው ለሌላ ጊዜ ትቆየን።»

አልቆየችም። በዚያው ሳምንት ሚስቱ በመኪና ወስዳ ሆስፒታሉ በር ላይ አወረደችው፤ መግባት አይቻልም ተባለች። ቦርሳውን ሰጥታው፣ በመስታወት በሩ ገብቶ ሲሄድ አየችው። ከዚያ በኋላ ያየችው ሬሳውን ነው። ያረፈው የፋሲካን ጾም ሳይፈታ ነው። ቀብሩ ላይ የተፈቀደው ለጥቂት ሰው ስለነበር እኛ መኪናችን ውስጥ ተቀምጠን፣ መስኮት ዘግተን፣ ከሩቅ አለቀስን። ለቅሶም በቪዲዮ ነው የደረስነው። አንዱ ድምፅ እንድንዘጋ «እባካችሁ ሚዩት አድርጉ» ሲል፣ አገር ቤት ያሉት እናቱ «ማንን ነው ሙት የሚለው?» ብለው ጮኹ። ሌላ ጊዜ ቢሆን የሚያስቅ ነበር። ቀልደኛው እንኳ አልሳቀም።

ሙት ዓመቱ በሚቀጥለው ስፕሪንግ ደረሰ። ክትባትም መጥቶ ስለነበር ሰው በጓሯቸው፣ ወንበር ተራርቆ፣ ማስክ እንዳደረገ ተሰበሰበ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ከሄዱ በኋላ የቀረነው ጥቂት ነን፤ ሚስቱ፣ እኛ፣ ቀልደኛው። ሰማዩ እንደተለመደው የኦሃዮ ሰማይ ነው፤ አይዘንብ፣ አይጠራ። በዚህ መሐል የሟች ጓደኛችን አንድ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። አማርኛ ትሰማለች እንጂ እምብዛም አትናገርም። ያን ቀን ግን ተለማምዳ እንደመጣች ያስታውቅ ነበር።

«ጋሼ፣ ስለ ጌሙ ልጠይቃችሁ? ሪከርድ ላድርግ?»

«ለቲቪ ነው?» አለ ቀልደኛው፤ «ቆይ ማስኬን ላስተካክል።»

ልጅቷ ፈገግ አለች። ከዓመት በኋላ ስትስቅ ማየቴ ስለነበር ደስ አለኝ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቆመችና፣ «አባዬ ሁልጊዜ ይነግረኝ ነበር። ኳሱ ሲገባ እናንተ ወደ ላይ አነሳችሁት። ኦን ዩር ሾልደርስ፣ ትከሻ ላይ። እሱ ብርድ ልብሱን እንደዚህ አደረገ» አለች፤ እጇን ከራሷ በላይ አወዛወዘች። «ማን ነው ያነሳው? አይ ዋና ኖው ኤቭሪቲንግ፤ ሁሉንም። ፊቱ ምን ይመስል ነበር?»

ይህን እኔ ሰምቼው አላውቅም። ቤታችን በተወራው ጨዋታ ውስጥ ማንም ማንንም አያነሳም።

ቀልደኛው ባለቤቴን አየው። ባለቤቴ መሬት መሬት ያያል።

«እኔ ነኛ!» አለ ቀልደኛው፤ «ሌላ ማን ይችለዋል? ይኸ ያንቺ ጋሼ ያኔ እንደ ክር ቀጭን ነበር። እኔ ብድግ አድርጌ…»

«ተው» አለ ባለቤቴ።

«ምን ተው?»

«ተው አልኩህ እኮ። እየቀዳችው ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ነው የምትሰማው።»

«አስተርጓሚው ደግሞ ጀመረው! ልጅቷ ጠየቀች፣ መለስኩ፤ ምን አጠፋሁ?»

ባለቤቴ ማስኩን አወረደ። እንዲህ ያለ ፊቱን የማውቀው አባቱ ሲሞቱ ነው።

«ልጄ፣ እኛ አልነበርንም» አላት። «እስከ አቻዋ ድረስ ነበርን። ከዚያ ወጣን።»

ቀስ ብሎ ነገራት፤ እኔም አብሬ ሰማሁ። አገር ከገቡ ገና ወራቸው ነው፤ ሥራ አልጀመሩም። ቀያዮቹ አቻ ሲሆኑ ቲቪው «ኦቨርታይም» አለ። ቀልደኛው «ምን አለ?» ብሎ ጠየቀ። ባለቤቴም የተማረው እኔ ነኝ ብሎ ተረጎመ፦ ኦቨር ማለት አለቀ፣ ታይም ማለት ሰዓት። ሰዓቱ አልቋል፤ አቻ ወጥተዋል። በእኛ አገር ኳስ አቻ ከተወጣ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። «ታዲያ ፈረንጆቹ ለምን አይነሱም?» ቢባል፣ «ልብሳቸው አልደረቀም ይሆናላ» ብሎ መለሰ። ሁለቱ ልብሳቸውን በፌስታል አንጠልጥለው በበረዶው ወጡ። አባቷ ግን ከዘመድ የተሰጠው ወፍራም ብርድ ልብስ ማድረቂያው ውስጥ ነበረና፣ «እናንተ ሂዱ፤ እሷ ስትደርቅ እመጣለሁ» ብሎ ቀረ።

አፓርትመንቱ ሲደርስ ብርድ ልብሱን ተሸክሞ፣ ዐይኑ ፈጦ፣ «አሸነፉ እኮ!» አላቸው። አላመኑትም። «አቻ ነው ብዬሃለሁ» ብሎ ባለቤቴ ተከራከረው። በነጋታው አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሁሉ ስለዚያች ኳስ ሲያወራ ሰሙ። ከዚያ በኋላ ባወሩት ቁጥር «እሱ አየ» ማለቱ ቀርቶ «እኛ አየን» ሆነ። እሱም አላረማቸውም። ይኸው፣ አስተርጓሚው ማለትም ይህ ነበር።

ልጅቷ ስልኩን አላጠፋችም። «ሶ… ብቻውን ነበር?» አለች።

ሁላችንም ያሰብነው ያን የሆስፒታል የመስታወት በር ነው። እናቷ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ ባለቤቴን አየችው። «ምን አለበት ዝም ብትል?» አለችው። ቁጣ የለበትም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። «አንድ ቀን እንኳ ሰው ተሸክሞት ነበር ብለን እናስብ ነበር እኮ።»

ቀልደኛው ተነስቶ ወደ አጥሩ ሄደ።

«ሁ ሊፍትድ ሂም ዜን? ማን አነሳው?» አለች ልጅቷ።

«አላውቅም ልጄ» አላት ባለቤቴ። «ቀይ ሹራብ የለበሰው ሰውዬ አንስቶት ይሆናል። ለእኛ እንዲህ ብሎ አልነገረንም።»

«ታዲያ ለምን እናንተን ጨመረ?»

እናቷ ናት የመለሰችላት። «ምን ይበል የኔ ልጅ? ጓደኞቼ ጥለውኝ ከሄዱ በኋላ ብቻዬን ቆሜ ደስ አለኝ ይበልሽ? ደስታ እንዲህ ተብሎ ለልጅ ይነገራል?»

ልጅቷ ስልኩን አንስታ ወደ ቤት ገባች።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ተጣላን፤ መጣላት ከተባለ። «ጥሩ አደረግህ ልበልህ ወይስ መጥፎ፣ አላውቅም» አልኩት። «እኔም አላውቅም» አለ። «ግን ውሸቱን የጀመርነው እኛ ነን፤ እሱ ያደረገው እኛን መሸፈን ነው። ሞቶም ይሸፍነን?» እኔ ደግሞ የልጅቷን እጅ፣ ያቺን የሌለች ብርድ ልብስ ስታውለበልብ፣ ከዐይኔ ማውጣት አቃተኝ። ዛሬም ቢሆን ማን ትክክል እንደነበር ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም፤ ስለማላውቀው ነው። ሚስቱ ስደውልላት ታነሳለች፣ ደህና ነን ትላለች፣ ትዘጋለች። ቀልደኛው መምጣት ቀነሰ። ጨዋታዋም ከዚያ ወዲህ በቤታችን አልተወራችም።

ሁለት ሺህ ሃያ ሁለት ላይ፣ በረዶው ገና ሳይለቅ፣ አንድ እሑድ በራችን ተንኳኳ። ልጅቷ ናት። ቁመቷ ጨምሯል። መንጃ ፈቃድ አውጥታ የአባቷን መኪና ይዛ መጥታለች።

«ጋሼ፣ ላውንደሪው የት ነው? ካን ዩ ሾው ሚ? ያሳዩኛል?»

ባለቤቴ ጃኬቱን ሳይዘጋ ነው የወጣው። እኔም ሻሽ ብቻ ጣል አድርጌ ከኋላ ገባሁ። ሞርስ ሮድ ላይ ስትነዳ በዝግታ ነው፤ ከኋላ ያለው ሁሉ ጡሩምባ ይነፋብናል። «ግዴለም፣ ይንፉ» ይላታል ባለቤቴ።

ላውንደሪው ተዘግቷል። በበሽታው ጊዜ ነው መሰለኝ የተዘጋው፤ መስታወቱ ላይ «ለኪራይ» የሚል ተለጥፏል። ማሽኖቹ ተነቅለው ሄደዋል። ግድግዳው ላይ ቱቦ የገባበት ቀዳዳ ብቻ በተርታ ይታያል። እኔ በልቤ፣ አይ፣ ምነው ባላመጣናት አልኩ። እሷ ግን እጇን በመስታወቱ ላይ ጋርዳ ወደ ውስጥ ታያለች።

«የት ነበር የቆመው?»

ባለቤቴ መስታወቱን በጃኬቱ እጅጌ ጠርጎ አብሯት ተጠጋ። «ይኸን አውቃለሁ» አላት። «ይኸን በዐይኔ ነው ያየሁት። ቲቪው እዚያ ጥግ ነበር። አግዳሚው እዚህ። ማድረቂያው ከበሩ ሦስተኛው ነው፤ አባትሽ ጀርባውን ለእሱ ሰጥቶ ቆሞ ነበር፤ ይሞቃላ።»

«ሳይድ ባይ ሳይድ ነበራችሁ?»

«አዎ። እኔ በዚህ፣ ያ ቀልደኛ በዚህ፣ እሱ መሐላችን። አቻዋ ስትገባ ጮኽን፤ ክንዴን ይዞኝ ነበር።»

«ይህ ትሩ ነው?»

«ይህ እውነት ነው።»

ስልኳን አውጥታ ባዶውን ክፍል ፎቶ አነሳች። የእኛ ጥላ መስታወቱ ላይ ስላስቸገራት፣ ዞር በሉ አለችንና ደግማ አነሳች። ባለቤቴ ወደ መኪናው ሄደ። እኔ አጠገቧ ቀረሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እሷ ግን ለመሄድ አልቸኮለችም።

«እትዬ፣ ቀዘቀዘሽ?» አለችኝ፤ አንቺና እርስዎ ይምታቱባታል።

«ግዴለም፣ እይ» አልኳት።