ከአባ ደሴ ፎቶ ሥር የተጻፈው

ሰሞኑን አንድ ጠዋት ፎቶ ቤቱን ከፍቼ፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ እየሰማሁ ደንበኛ ስጠብቅ፣ ፌስቡክ «ከዓመታት በፊት በዚህ ቀን» ብሎ አንድ ፎቶ ከፊቴ ደቀነ። ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ሁለት እጃቸውን በዱላቸው አናት ላይ የደራረቡ ሽማግሌ ናቸው። ፎቶው ቀለም የለውም። ከሥሩ «ነፍስ ይማር» የሚል ጽሑፍ ተደርድሯል፤ ከላይ እስከ ታች ያው ነው። ፎቶውን ባነሣሁበት ቀን ግን አባ ደሴ ከእኔ የበለጠ ጤነኛ ነበሩ። እንዲያውም ጉንፋን ይዞ የሚያስነጥሰው እኔን ነበር።

ያኔ ሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላኝም። አባቴ ወረታ ገበያ ዳር ጨርቅ ይሸጥ ነበር። እኔን ግን ከጨርቁ ይልቅ የአጎቴ ፎቶ ቤት ይስበኝ ስለነበር ትምህርት እንደጨረስኩ እዚያው ገባሁ። ጓደኛዬ ብርቱካን የቄስ ልጅ ናት። የእሷ ፍቅር ደግሞ መለጠፍ ነው። የወፍ ላባ፣ የደረቀ አበባ፣ ከሰው ቤት ለምና ያመጣችው የድሮ ፎቶ፣ ብቻ የፎገራ የሆነ ነገር ሁሉ ሙጫ ተቀብቶ ወፍራም አልበሟ ላይ ይቀመጣል። እናቷ «ይቺ ልጅ አንድ ቀን እኔንም ትለጥፈኛለች» ይሉ ነበር።

ሁለታችን ተማክረን ፌስቡክ ላይ ገጽ ከፈትን። እኔ አነሣለሁ፣ እሷ ታሪኩን ትጽፋለች። በሬዎቹን፣ ከብት እየተከተለች የምትለቅመውን ነጭ ወፍ፣ ሳቢሳን፣ ውሃ የተኛበትን ሜዳ፣ የድሮ ሰው የነገረንን ወግ እየለጠፍን ሰው እንደ ጉድ ይከተለን ጀመር። በደብረ ታቦር መገንጠያ ጭነት የሚጠብቁ ሾፌሮች፣ ከሐሙሲት የሚመላለሱ አስተማሪዎች፣ ለሥራ መተማ የወረዱ የአገር ልጆች አሉበት። ራሷ ላይ ወርቃማ ጉንጉን ያላትን ረጅም ወፍ የለጠፍን ዕለት አንዱ «የአገሬ ጭቃ ሸተተኝ» ብሎ ጻፈልን። እኔና ብርቱካን ያችን ቃል ስንቀባበላት ሰነበትን።

ስለ ድሮው ፎገራ የሚያወራልን ሰው ስንፈልግ ሁሉም የጠቆመን አባ ደሴን ነው። አባ የሚባሉት መነኩሴ ሆነው ሳይሆን ለዕድሜያቸው ነው። ከከተማው ወደ ጣና በሚወርደው ሜዳ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ የከብት ሰው ነበሩ። ሩዝ ሳይመጣ በፊት አገሩ ሁሉ ሣር ነበር፤ ክረምት ሲገባ ከብቱን ወደ ደጋው ይነዱታል፣ ውሃው ሲሸሽ ይመልሱታል። ይህን ሲያወሩ የሞቱ በሬዎችን በስማቸው ይጠሯቸዋል።

አንድ ልጅ አላቸው፤ ይርጋ ይባላል። ሩዝ ገበያ ሲያገኝ ይርጋ ከእኩዮቹ ጋር ሆኖ አባቱ ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁትን የግጦሽ ሜዳ አረሰው። አባ ደሴ ይህን ሲያዩ በሰው ፊት «ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ» አሉት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ልጁ መተማ ወረደ፤ አባትየው አልላኩበትም፣ እሱም አልመጣም። ዓመታት አለፉ። ይህን አገር ሁሉ ያውቀዋል፤ እኛም እናውቅ ነበር።

ልናነሣቸው የሄድን ዕለት ባጃጁ ጭቃው ጫፍ ላይ አራገፈንና ጫማችንን በእጃችን ይዘን ገባን። በወይራ ከታጠነ ቅል እርጎ ቀዱልን። እርጎው የጭስ ሽታ ነበረው፤ እስከ ዛሬ እንደዚያ ያለ አልጠጣሁም። ብዙ ካወጉን በኋላ ካሜራዬን በዱላቸው ጠቆሙና ጠየቁኝ።

«ይኸ ነገር እስከ የት ይታያል?»

«የትም ይታያል አባ። ጎንደርም፣ አዲስ አበባም።»

«መተማስ?»

«መተማም ይታያል።»

ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ። ከዚያ ፊታቸውን ታጥበው፣ አዲሱን ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡና ዱካው፣ ከእንጨት የተጠረበው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

«ቀለም እንዳይኖረው» አሉ።

እኛ ፎቶ ቤት ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ጉርድ ፎቶውን ያመጣልናል። አጎቴ ያሳድጋታል፣ ቀለሟን ያጠፋታል፣ ለልቅሶው ትደርሳለች። ያገራችን ሰው ቀለም የሌለው ፎቶ ሲያይ እጁ ወደ ደረቱ የሚሄደው ለዚህ ነው።

«አባ፣ በቀለም ይሻላል። ያለዚያ የሞተ ሰው ያስመስላል» አልኳቸው።

«ያባቴ ፎቶ ያውልሽ፣ ግድግዳው ላይ። ቀለም አለው? ማን ናቀው? እኔም ሰው ፊት እንደ አባቴ ነው የምቀርብ።»

ብርቱካን በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ከሽማግሌ ጋር አትከራከሪ ማለቷ ነው። እንዳሉት አደረግሁ።

ፎቶውን ከነታሪኩ ማታውኑ ለጠፍነው። ብርቱካን የሰማችውን ሁሉ ጽፋ፣ መጨረሻው ላይ «አባ ደሴ የፎገራ ዋርካ ናቸው፤ ዕድሜ ይስጥልን» ብላ ነበር። እስከ መጨረሻው የሚያነብ ሰው መኖሩን እንጃ። ብቻ ያን ሌሊት ዶፍ ጣለ፣ መብራቱም ኔትወርኩም አብረው ጠፉ። በማግሥቱ ተመልሶ ሲመጣ ስልካችንን ከፍተን ያየነውን ማመን አቃተን። የመጀመሪያው ሰው ፎቶውን ብቻ አይቶ «ነፍስ ይማር» ብሏል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይቶ ተከትሎታል። ከዚያ «ዋርካው ወደቀ»፣ «እግዜር ያጥናችሁ»፣ እያለ ይወርዳል። እኛ አገር ልቅሶ የሰማ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ማን እንደሞተ በኋላ ይጠይቃል። ፌስቡኩንም እንደዚያው አደረጉት። መጀመሪያ ሳቅን፤ እስከ ዕንባ ሳቅን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

በሕይወት ያሉ መሆናቸውን በቀለም ለማሳየት ያን ዕለቱን ወደ አባ ደሴ ሮጥን። የሆነውን ስንነግራቸው እሳቸውም ሳቁ። ጥርሳቸው እስኪታይ ሲስቁ አነሣኋቸው።

«ታዲያ ማን ማን አለቀሰልኝ?» አሉ።

ብርቱካን ከስልኳ ላይ ስም እየጠራች አነበበችላቸው። እያንዳንዱን ስም ሲሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ስትጨርስ «ሌላስ?» አሏት።

«በቃ፣ ይኸው ነው አባ።»

«እህ» አሉና ወደ ሜዳው ተመለከቱ።

ከዚያው ከሜዳው በኩል ጩኸት የተሰማው ይህን ጊዜ ነው። ልቅሶ ነበር። ሩዝ ሲያርሙ የዋሉ ሰዎች ከየማሳቸው እየወጡ፣ ነጠላቸውን እያገለደሙ፣ ፊት ፊት የሚሮጠውን አንድ ሰው ይከተሉታል። አባ ደሴ እንደ ደንቡ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«የማን ልቅሶ ነው?» እያሉ እሳቸውም ጋቢያቸውን አገለደሙና ሊያለቅሱ ወደ በሩ ወጡ።

ፊት ፊት የሚመጣው ሰው እስከ ጭኑ ጭቃ ለብሷል። «ወየው አባቴ፣ ሳንታረቅ» ይላል። ይርጋ ነበር። ከመተማ ሲገሠግሥ አድሮ፣ ከወረታ በእግሩ ውሃውን እየሰነጠቀ መምጣቱ ነው። ቀና ሲል አባቱን በር ላይ ቆመው አያቸው። ልቅሶው ባንድ ጊዜ ቀጥ አለ። የሰማሁት የራሴን ማስነጠስ ብቻ ነው።

ይርጋ እግራቸው ሥር ተደፋ። የአባ ደሴ አንድ እጅ ከዱላው ላይ ተነሣና ወደ ልጁ ራስ መውረድ ጀመረ። ያ እጅ አርፎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ ለልጅ ልጅ የሚወራ ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር። ግን ጎረቤታቸው፣ ልቅሶው ከሩቅ ሲሰማት ለቤቷ የቀቀለችውን እህል ለለቀስተኛ ያነሣች ደግ ሴት፣ ከጓሮ በኩል ትኩስ ንፍሮ በሰፌድ ይዛ ከች አለች።

«ይኸ ምንድን ነው?» አሉ አባ ደሴ።

«ንፍሮ ነዋ፣ ለ...» አለችና እሳቸውን ስታይ ዋጠችው።

«የማን ንፍሮ?»

አባ ደሴ ሰዉን ቃኙ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ንፍሮውን አዩ። እጃቸው ወደ ዱላው ተመለሰ።

«ቁሜ ሳለሁ ያልመጣህ፣ ለንፍሮዬ መጣህ?»

«ደጄን አትርገጥ ያሉኝ እርስዎ ነዎት» አለ ይርጋ ሳይነሣ።

«ታዲያ አሁን ማን ርገጥ አለህ?»

«ኧረ አባ ደሴ፣ እግዜር ያመጣው ዕርቅ ነው፣ አይግፉት» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«አልቅሶልኛል፣ ጨርሷል። የሞትሁ ቀን አይልፋ።»

ይርጋ ጭቃውን ሳያራግፍ ተነሥቶ በመጣበት ተመለሰ። ሰዎች ክንዱን ይዘው ለመኑት፤ አልሰማም። እሱም የአባቱ ልጅ ነው። የተቀቀለ እህል አይጣልምና ሰዉ ንፍሮውን እየተቀባበለ ቃመ። አባ ደሴ ግን አልቀመሱም። ብርቱካን እያለቀሰች ነበር፤ እኔ ካሜራውን ወዴት እንደማደርገው ጠፋኝ።

የሚስቁበትን ፎቶ ለጠፍነውና ነገሩ በእኛ በኩል ተዘጋ መሰለን። አባ ደሴ ግን ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን ፎቶ ቤቱን መጎብኘት ያዙ። ውሃው ሲሸሽ፣ ሜዳው ሽምብራና ጓያ ሲሆን፣ እሸት በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡልኛል። ዱላቸውን ከበሩ ጋር ያስደግፉና «እህ፣ ምን አሉ?» ይሉኛል። ከፎቷቸው ሥር አዲስ የተጻፈ ካለ አነብላቸዋለሁ። «ሌላስ?» ይላሉ። ሌላ የለም እላቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ብርቱካን ደፍራ «አባ፣ እኛ እንጻፍለት?» ብትላቸው «ለማን?» ብለው ተቆጡና እሸቱን እንኳ ሳይፈቱ ወጡ። በሌላ ገበያ ደግሞ፣ ምንም ሳንጠይቃቸው፣ «እኔም ብሆን የምበላው የሩዝ እንጀራ ነው እኮ» አሉ። ለእሳቸው ከዚያ በላይ መለመን አይሆንላቸውም። ያን ቃል ወደ መተማ የሚያደርስ ሰው ቢኖር ኖሮ እያልኩ ስንቴ እንደተቆጨሁ።

ታኅሣሥ ላይ፣ ሩዙ ታጭዶ ሳይወቃ፣ ታመሙና ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ዋልን። ሽማግሌዎቹ ተማክረው በማግሥቱ ሁለት ሰው ወደ መተማ እንዲሄድ ወሰኑ፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ማልዶ ሄዶ፣ አስቀምጦ፣ ከጎረቤት ጋር ሆኖ ነው የሚያረዳው። እኔም ወደ ማታ እግሬን ታጥቤ ስልኬን ከፈትሁ። ከሚስቁበት ፎቶ ሥር አዲስ ጽሑፍ ነበር። ስሙ ይርጋ ደሴ ይላል።

«አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። ለጥምቀት እመጣለሁ።»

ብርቱካን ጋ ደወልሁ፤ እሷም አይታው ኖሯል። ምን ብዬ ልጻፍ? እሺ ብል ውሸት ነው፤ እውነቱን ብል በሰው አገር ብቻውን በስልክ መርዶ መንገሬ ነው። ምንም ሳልጽፍ ዘጋሁት።

ይርጋ መጣ። አላለቀሰም። እንባውን ያኔ ጨርሶታል ብለው ያሙት ነበሩ። ከሰልስቱ በኋላ ፎቶ ቤት ገብቶ፣ የሚስቁበትን ፎቶ እንዳሳድግለት ጠየቀኝ።

«ቀለሙን ላጥፋው?» አልሁት።

«ተይው፣ በቀለሙ ይሁን።» ትንሽ ቆይቶ «የጻፍሁትን ሰምተውታል?» አለኝ።

ልዋሽለት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። «በየገበያው እየመጡ ይጠይቁኝ ነበር» አልሁት።

ገባው። ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረና የጭነት መኪናዎቹን የሚያይ መስሎ ብዙ ቆመ። ከዚያ ወዲያ አይቼው አላውቅም።

ገጹን ከዚያ በኋላ ብዙም አልነካነውም። ብርቱካን ደብረ ታቦር አግብታ ታስተምራለች፤ አልበሟ እሷው ጋ ነው። ሜዳው ሩዝ ብቻ ሆኗል፣ ጉንጉን ያላትንም ወፍ ካየሁ ቆየሁ። ሰው ለሞተ ሰው ሲሆን መንገዱ አይረዝምበትም፣ ጭቃው አይከብደውም። ለቆመ ሰው ግን አንዲት ቃል ለመጻፍ ክረምትና በጋ ይፈጅበታል። ይህን ማን ላይ እንደምፈርድበት አላውቅም። ሁለቱንም እወዳቸው ነበር።

ሰሞኑን ያ ቀለም የሌለው ፎቶ ሲመጣብኝ፣ እሱን ትቼ የሚስቁበትን ፈለግሁት። የይርጋ ጽሑፍ እዚያው ነው፤ መልስ የጻፈለት የለም። ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። በገበያው ቀን አደርገው እንደነበረው ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁላቸው። «አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። ለጥምቀት እመጣለሁ።» ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ስለነበር የራሴን ድምፅ እንኳ በቅጡ አልሰማሁትም።