የጠፋው ጓንት

የአባዬን ወፍራም ካፖርት ለእርዳታ ልሰጥ ኪሱን ስፈትሽ አንድ የልጅ ጓንት እጄ ገባ፤ መዳፉ ጠቁሯል፣ ሳሸተው ባሩድ ባሩድ ይላል። ይኸው ከጠዋት ጀምሮ ከኩሽና ሳሎን እመላለሳለሁ፣ መቀመጥ አቅቶኛል።

ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፣ በስደት አገር ፋልከንሪጅ የሚባል ሰፈር ስንኖር፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባዬ በወጣትነቱ ባሌ ውስጥ አዳኝ እንደነበረ ቢምል ቢገዘት፣ የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቹ «ጋሽ ታደሰ፣ ደግሞ ጀመሩ!» እያሉ ይስቁበት ነበር። አንድ ቀን አንጀቱ አረረና «ጾም ሳይገባ የአጋዘን ጥብስ አበላችኋለሁ!» ብሎ ቃል ገባ። ጡረተኛው ጎረቤታችን ዋልተር ደግሞ ባልጩቷ ብልጭ ብሎ ባሩዱን ሲያቀጣጥል የምትተኩስ፣ የጥንት ዓይነት ጠመንጃ ነበረችው፤ ለአባዬ ሊያውሰው ተስማማ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ አጥንት ሰብሮ በሚገባ ብርድ፣ ሦስታችን ቸስተርሚር የምትባለውን ከተማ አልፈን ሄድን፤ እኔ አስተርጓሚ ነኝ። አባዬ የወጥ ቤት ቢላዋ ስሎ ይዟል፤ አጋዘኑ ሳይሞት ደርሶ፣ በስመ አብ ብሎ ካልባረከው ማን ይበላለታል! ይህን ስተረጉምለት ዋልተር በሳቅ ሞተ፤ «እንግዲያው ከአሁኑ ሩጫ ይለማመድ በይው» አለኝ።

የእኔ ሥራ ከጠመንጃዋ ጎን ያለችው የባሩድ ማስቀመጫ በረዶ እንዳይገባባት በእጄ መሸፈን ነበር። ሁለት ሰዓት ቆምን። እግሬ ደነዘዘ፣ እንባዬ ሽፋሽፍቴ ላይ ረጋ፤ አባዬ ግን ንቅንቅ የለም። ቤቴ መሄድ ፈለግኩ፣ በቃ። ፊቱን ዞር ሲያደርግ ባሩዱን በጓንቴ ጠራርጌ በረዶ ጠቀጠቅኩበት። ወዲያው፣ የእኔ ነገር፣ አጋዘኑ ብቅ! አባዬ አነጣጠረ፣ ሳበ፤ ቀጭ። ደገመ፤ ቀጭ። አጋዘኑ ትንሽ አየንና ቀስ ብሎ ሄደ።

አባዬ ጠመንጃዋን አገላብጦ አየ። ከዚያ «ባሩዱን ያረጠብኩት እኔ ነኝ በይው» አለኝ። መኪና ውስጥ «ጓንትሽን ላሙቅልሽ» ብሎ ተቀበለኝ፤ ቤት ስንደርስ «ጠፋብኝ፣ አዲስ እገዛልሻለሁ» አለ። ገዛልኝም።

ከዚያ ወዲያ ስሙ «ጋሽ ቀጭ» ሆኖ ቀረ። በየሠርጉ፣ በየክርስትናው ይሳቅበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል፤ እኔም፣ አፈር ልብላ፣ አብሬ እስቅ ነበር። አያውቅም ብዬ ነበር የደፈርኩት። ስንት ጊዜ ልነግረው ተነስቼ፣ ለሌላ ቀን ብዬ ተውኩት። ዘንድሮ ቀበርነው።

ጓንቱን ላጥበው ውሃ ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።