ኦን በጅምላ

ባለቤቴ ይሄይስ ከመምህርነት በጡረታ ሲገለል ቤት መዋል አልሆነለትም። ሽንኩርት ስከትፍ አጠገቤ ቆሞ አከታተፌን ያርማል። ስለዚህ ባህረዲን ጎጃም በረንዳ ካለው የድስት መደብሩ በላይ ያለችውን ክፍል ለእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ሲሰጠው ከእሱ ይልቅ የተደሰትኩት እኔ ነኝ። ባህረዲን ኪራይ አልጠየቀም።

«ጋሼ፣ ከቻይና ድስት የሚልክልኝ ሰውዬ ጥር ላይ ይመጣል» አለው። «ያለ አስተርጓሚ ካነጋገርኩት ክፍሏ የእርስዎ ናት። አፌ ከተሳሰረ ግን መጋዘን አደርጋታለሁ።»

ተማሪዎቹ ሁሉም ነጋዴዎች ናቸው፤ ጠዋት ሱቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት ይማራሉ። ይሄይስ እንደ ልማዱ ከወንበርና ከጠረጴዛ ጀመረ። መጋረጃ የምትሸጠው ሠርኬ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ይቺ ቴብል የሚሏት ከጠረጴዛነት ሌላ ምን ትሠራለች?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ታደርግልናለች? አንድ ሥራ ብቻ ያለው ዕቃ እኮ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ነው የሚኖረው።»

ሁሉም ደገፏት። ይሄይስ ቆጣ ብሎ ሰሌዳው ላይ «ኦን» የሚለውን ቃል ጻፈና ዘረዘረላቸው። ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ኦን ነው። ሰኞ ዕለት ለማለትም ኦን ነው። መብራት ሲበራ ኦን፣ ሰው በስልክ ሲነጋገር ኦን፣ ቤት ሲቃጠል ኦን፣ መድኃኒት የጀመረ በሽተኛም ኦን። ጋባዥ «ሒሳቡ በእኔ ነው» ሲል ደግሞ ኦን ሚ ይላል።



«ይህ ሁሉ በአንድ ቃል?» አለ ባህረዲን።

«በአንድ ቃል።»

«ጋሼ! ይህን የመሰለ ዕቃ ጓዳ ደብቀው ነው ጠረጴዛ የሚሸጡልን?»

ከዚያ ወዲያ ሌላ ቃል አንገዛም አሉ። ኢን እና አት የሚባሉትን ሊያስገባ ሞክሮ ነበር፤ ሠርኬ «ገበያ አያምታቱብን፣ የለመድነው ይሻለናል» ብላ መለሰችው። ይሄይስ ቤት ገብቶ ይብሰለሰላል። ትንሽ ቆይቶ ግን መዝገበ ቃላቱን ይገልጥና ኦንን ሌላ ሥራ ላይ ይዟት ይነሳል።

«ሙሉ፣ ተረኛ ዘበኛም ኦን ነው!»

«ወጡም ምድጃ ላይ ነው፤ ሳይቀዘቅዝ ብላ» እለዋለሁ።

ጥር ላይ ቻይናዊው መጣ። ይሄይስ ጫማውን አስጠርጎ ሄደና ድስቶቹ መሐል ቆሞ ሲያዳምጥ ዋለ። ባህረዲን ክዳን አንስቶ፣ ድስቱን እያሳየ «ኦን» አለ። ክዳን የሌለው ድስት እንደማይቀበል ሰውዬው ገባው። ባህረዲን ደግሞ ቀን መቁጠሪያው ላይ ጣቱን አሳርፎ «ኦን» አለ፤ ዕቃው የሚላክበት ቀን ተቆረጠ። ቀጥሎ ደረቱን መታ አድርጎ «ኦን ሚ» አለና ምሳ ወሰደው። የሰውዬውም እንግሊዝኛ «ኦኬ» ብቻ ስለነበር ሳይጨቃጨቁ ተስማሙ።

«ክፍሏ የኛ ሆነች» አለኝ ይሄይስ ማታ። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቻለሁ።

መጋቢት ላይ ዕቃው በገባ ማግስት ሲሄድ ከደረጃው ጀምሮ እስከ ክፍሏ ድረስ ድስት ተቆልሎ ጠበቀው።

«ምንድን ነው ይሄ? ያለ አስተርጓሚ አላነጋገርከውም?»

«አነጋገርኩት እንጂ ጋሼ! እንግሊዝኛ ጨረስኩ እኮ። ይኸው ዕቃው በዛና ማስቀመጫ ጠፋ፤ የእርስዎ ትምህርት ያመጣው ነው።»

«ክፍሏ የእርስዎ ናት ብለኸኝ የለም?»

«የእርስዎ ናት! የእኔ ድስቶቹ ናቸው።»

ይሄይስ ወደ ሽንኩርቴ ተመለሰ። ሰኔ ላይ ታመመ፤ ክረምቱን አላለፈም።

ተክለ ሃይማኖት ያለው ሰፈራችን መንገዱ ተቆፍሮ ነበርና ድንኳን መትከያ ታጣ። ባህረዲን ሳልጠይቀው ድስቶቹን አውርዶ ለቀስተኛውን እዚያች ክፍል አስቀመጠ።

«እትዬ ሙሉመቤት፣ ወጪው ሁሉ ኦን ሚ» አለኝ፤ ዓይኑ ቀልቷል።

ተማሪዎቹ ሳያስቡት በየድሮ ቦታቸው ተቀምጠዋል። ሠርኬ በነጠላዋ አፏን ሸፍና «አት የምትባለዋን ላስተምራችሁ ሲሉ እምቢ ያልኳቸው እኔ ነኝ» አለች። እኔ ክፍሏን ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። የእጁ ጽሑፍ አሁንም ሰሌዳው ላይ አለ።

ሦስተኛው ቀን ሲያልፍ ድስቶቹ ወደ ላይ መመለስ ጀመሩ። ሰሌዳውን ልውሰደው ብዬ ባህረዲንን ጠየቅሁት። አንገቱን ደፋ።

«ሌላ የፈለጉትን ይጠይቁኝ እትዬ። ጎረቤቶቼን እያስተማርኩበት ነው። ድስት ገልብጠው ተቀምጠውበት ይማራሉ።»

«ምን ታስተምራቸዋለህ?»

«ኦን ነዋ!»

አልተከራከርኩትም። ሰሌዳው ሥር የይሄይስ ቁራጭ ጠመኔ ወድቃ ነበር። እሷን አንስቼ፣ በድስቶቹ መሐል እየተሹለከለኩ ወረድኩ።