የሐይቁ ቆሮሶ

የአበባ ማስቀመጫ ውሃ ስቀይር ያ የረጋ ውሃ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ ዛሬም ቁጣዬ ይነሳል። አንድ ዓሣ ትዝ ይለኛል። ሰው ቢሰማኝ ይስቅብኛል፤ ግን እንደዚያ ዓሣ የጠላሁት ፍጡር የለም።

በደርግ ጊዜ ነው። ቤታችን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ነበር። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ታላቅ ወንድሜ፣ አንድ የውጭ አገር መካኒክ ወደ አገሩ ሲመለስ የሰጠውን የመስታወት ገንዳ ከነቀያይ ዓሣዎቹ ዳገቱን ሁሉ አውቶቡስ ውስጥ ጭኑ ላይ ታቅፎ አመጣው። ብዙም ሳይቆይ ለውትድርና ሊወስዱት መጡ። እናቴ አልጋ ሥር ደብቃው ነበር፤ እግሩን ጎትተው አወጡት። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ «ዓሣዎቼን አደራ» አለኝ። እነሱ ካሉ እሱ ይመጣል ብዬ በልቤ ደመደምኩ።

አጎቴ ደግሞ ሊያጽናናኝ ብሎ ከሐይቅ ከተማ ሁለት ቆሮሶ ዓሣ በባልዲ አመጣልኝ። አንዱ ሰነበተና ሞተ። የቀረው ግን አንዱን ጥግ ይዞ ዘበኛ ሆነ። ቀዮቹ ዝር ሲሉ ጅራታቸውን እየዘነጠለ ፈጃቸው፤ አንድ ብቻ ቀረ። ፍርፋሪ ስጥልለት አፉን ግጥም አድርጎ ያየኛል። በወንድሜ ዓሣዎች የጠገበ መሰለኝ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይሉ የለ? እኔ ጸሎቱን ትቼ ቂሙን ያዝኩ።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ገበያ ስትወጣ ቡታጋዙን ለኩሼ ዘይት ጣድኩ። የተረፈውን ቀይ ዓሣ ለብቻው ጠርሙስ ውስጥ አኖርኩት። ያንን ጠላቴን በሻይ ማጥለያ ብል፣ በእጄ ብል፣ ከድንጋዩ ጀርባ እየተሹለከለከ አልያዝ አለኝ። ድንጋዩን አወጣሁ። ውሃውን በጣሳ እየቀዳሁ ወደ ባልዲ ገለበጥኩ። ጀርባው ከውሃው በላይ ብቅ ሲል በዱቄት ወንፊት አፈስኩት። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጨምቄ ስይዘው አፉን ከፈተ። መዳፌ ላይ ጥቃቅን ነገሮች ተንጠባጠቡ። ይንፈራገጣሉ። ሁሉም ዐይን አላቸው።

«ምን ይዘሻል፣ አንቺ ልጅ?» እናቴ ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆማለች።

«የወንድሜን ዓሣዎች የጨረሰው ነው። ልጠብሰው ነው።»

ቀርባ መዳፌን አየች። «እናት ናት እኮ። ልጆቿን በአፏ ይዛ ነው። መልሻት።»

«አልመልስም።»

«በአላህ ይዤሻለሁ፣ መልሻት።»

እያለቀስኩ መለስኳት፤ ይቅር ብዬ አይደለም። የባልዲውን ውሃ ገንዳው ውስጥ ገለበጥን። ልጆቿ ተበተኑ፤ ቆሮሶዋ አፏን ከፈተች፣ ተከታትለው ገቡ።

እናቴ መስታወቱን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። ወንድሜ ከተወሰደ ጀምሮ እስከዚያች ሰዓት ስታለቅስ አላየኋትም ነበር።

«ለሷስ አላህ መደበቂያ ሰጣት» አለች።

ወንድሜ አልተመለሰም። ያቺን ዓሣ ዛሬም ይቅር አላልኳትም፤ እስክትሞት የመገብኳት ግን እኔ ነኝ።