የረጪው ማዕድ

ለይኩን የተባይ መድኃኒት ረጪ ነው። ከጎጃም ለሰሊጥ አረም ብሎ ወደ መተማ ቆላ ሲወርድ፣ እንግዳው የሚባል የእርሻው አለቃ የጀርባውን ስፋት አየና የመርጫ ፓምፑን አሸከመው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አላወረደውም።

ከሸሕዲ ከተማ ወዲያ ባሉት የሰሊጥ እርሻዎች የቀን ሠራተኛ ሁሉ የሚበላው ባንድ ትሪ ነው። የወሎውም የጎንደሩም፣ ትናንት የመጣውም ሳይቀር፣ ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ሥር ተኮልኩሎ እጁን ይሰዳል። ለይኩንን ግን የሚጠራው የለም። አንድ ቀን ቀረብ ሲል አንዱ አራሚ፣ “ኧረ ይሄ ሰውዬ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል! ሊፈጀን ነው እንዴ?” አለ፤ ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ወጥ ቤቷ አየሁሽ ድርሻውን ለብቻ በድስት ክዳን ታወጣለታለች፤ እሱም ከትራክተሩ ጀርባ ሄዶ ይበላል። ሆዱስ ይጠግባል። እሱን የራበው ሰው ነው፣ ወይ ነዶ!

ታዲያ በዚህ መሐል ሳሚያ የምትባል የጤና ባለሙያ መጣች። “መድኃኒቱ ሰውነታችሁ ውስጥ መግባት አለመግባቱ በሽንት ይታወቃል” አለች፤ ለረጪውም ለአራሚውም ለአየሁሽም ብልቃጥ አደለች፤ ማታ ከሥራ ስትወጡ ስጡኝ ብላ። የለይኩን ልብ ዘለለ። ንጹሕ ነው ከተባለ ማን ከትሪው ይከለክለዋል?

እዚያ አገር መድኃኒት ያዞረውን ሰው ታጥቦ ይወጣል ብለው ውሃ በላይ በላዩ ይግቱታል። ለይኩንም አላመነታም፤ ሆዱ እስኪነፋ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲገለብጥ ዋለ። ማታ የሞላው ብልቃጥ ከምንጭ የተቀዳ ይመስል ነበር። አይ ለይኩን፣ ኮራ እኮ!

ውጤቱ ሲደርስ ሳሚያ ለብቻው ጠራችው።

“ጋሼ፣ የእርስዎ ሊለካ አልቻለም። ከመጠን በላይ ቀጥኗል። ውሃ አብዝተው ነበር?”

“ንጹሕ ነው ማለት ነዋ፣ እታለም?”

“አይደለም። አላወቅንም ማለት ነው። እንደገና ይሰጡኛል።”

አፈረ፤ አንገቱን ደፋ። ሳሚያ ግን ሁሉንም ሰብስባ ሌላ ነገር ተናገረች፤ የማንንም ስም አልጠራችም። መድኃኒቱ ፓምፕ ነክተው በማያውቁትም ላይ ተገኝቷል። ባዶውን የመድኃኒት ጀሪካን እያጠባችሁ ውሃ ትቀዱበታላችሁ፣ ሳትታጠቡ ትበላላችሁ፣ ተዉ አለቻቸው። ሰዉ ሁሉ እጅ እጁን አየ።

ለይኩን ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለው፣ ደስ አለው። ሁላችን አንድ ከሆንን ማን ማንን ይሸሻል አለ በልቡ። ያን ዕለት ማታ እስከ ክንዱ በሳሙና ታጠበ፣ ሸሚዝ ቀየረ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ራኩባው ሄደ።

ራኩባው ሥር ማንም አልነበረም። አንዱ ከግንዱ ሥር፣ አንዱ ከማዳበሪያ ቁልሉ ኋላ፣ ሁሉም የየራሱን ምግብ ይዞ ጀርባውን ሰጥቷል። ያ የሳቀበት አራሚ ሲያየው ክዳኑን በክንዱ ከለለ።

“አየሁሽ፣ ትሪውስ?” አላት።

“ማን ይብላበት ብለህ? ማን ከማን ጋር እጁን ይስደድ? የኔንም እጅ ጠልተው አንዳንዶቹ ዳቦ ገዝተው ነው የበሉ” አለችና ድርሻውን ሰጠችው። 

ለይኩን አብሯት ሊቀመጥ ፈለገ። አፉን ሳይከፍት፣ “አደራህን አንተ እንኳ አትቅረበኝ፤ ካንተ ጋር ካዩኝ ጭራሽ ከእጄ አይበሉም” አለችው።

ምግቡን ይዞ ወደ ትራክተሩ ጀርባ ተመለሰ።