የአዝማሪው ልጅ ከመዝገብ ቤት ወጣ

ቅዱሳን፣ ጌታ ይመስገን። ፓስተር አምስት ደቂቃ ነው የሰጡኝ፤ እኔ ግን የአዝማሪ ልጅ ነኝና ትንሽ ታገሡኝ። ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ብቀመጥ ኅሊናዬ አያስቀምጠኝም።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በመንገድ ነው። ማሲንቆዬን በትከሻዬ አድርጌ ከዚህ ከንፋስ መውጫ አርብ ገበያ፣ ከዚያም ወገዳ ስሄድና ስዘምር ታዩኛላችሁ። ከዚያ በፊት ግን እዚሁ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ዐሥራ ሁለት ዓመት መዝገብ ያዥ ነበርሁ። ክፍሌ መስኮት ነበራት፤ የፋይል መደርደሪያ ስለቆመበት ግን ውጭው ዝናብ ይሁን ፀሐይ ሳላውቅ እውል ነበር። ደብዳቤ ይመጣል፣ ቁጥር እሰጣለሁ፣ ማህተም እመታለሁ፣ ፋይል ውስጥ አስቀምጣለሁ። ክራባትም አስር ነበር። አዎ፣ እኔ። ሳቁ፣ ግድ የለም።

አባቴ አዝማሪ ጌጡ ይባላሉ። በእስቴ በኩል ልጁን የዳረ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ማሲንቆ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በአገራችን አዝማሪ ይወደዳል እንጂ አይከበርም፤ ለሠርጉ የሚጠራው ሰው ልጁን ለአዝማሪ ልጅ አይድርም። ስለዚህ ሥራ ስገባ ባልደረቦቼ ስለ አባቴ ሲጠይቁኝ "ገበሬ ናቸው" አልሁ። ማሲንቆዬንም እሳቸው ቤት ትቼው መጣሁ።

አንድ ቀን አባቴ ለሠርግ ወደዚህ ተጠርተው ኖሮ፣ ልጄን ሥራው ላይ ልየው ብለው መጡ። ማሲንቆው በትከሻቸው ነው፤ በእጃቸው የሽምብራ ቆሎ በጨርቅ ቋጥረው ይዘዋል። አለቃዬ ከፊቴ ቆመው ፋይል እየጠበቁ ነበር።

"እኒህ ማን ናቸው?" አሉኝ።

"ባለጉዳይ ናቸው" አልሁ። ይህም አልበቃኝም፤ ወደ አባቴ ዞሬ "አባት፣ ውጭ አግዳሚው ላይ ተራዎን ይጠብቁ" አልኋቸው።

አባቴ "እሺ፣ ጌታዬ" አሉኝና ወጡ። ለምሳ ስወጣ አግዳሚው ላይ ያገኘሁት ቆሎውን ብቻ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ለጴጥሮስ እንኳ ዶሮ ጮኸለት። እኔን የሚያነቃኝ ዶሮም አልነበረም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ግን የመዝገብ ቤቱን በር በከፈትሁ ቁጥር ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። ደረቴን የሆነ ነገር ይጨመድደዋል፣ ላብ ያጠምቀኛል። ሐኪም ቤት ሄድሁ። ሐኪሙ ሁሉንም መርምሮ "ሳንባህ ደህና ነው፣ ልብህም ደህና ነው። የሚያስጨንቅህ ነገር አለ ወይ?" አለኝ። "የለም" አልሁት። እሱንም ዋሸሁት።

በመሥሪያ ቤታችን ጽዳት የሚሠሩት እትዬ ጥሩወርቅ፣ እነሆ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የመዝገብ ቤቱን ግድግዳ ተደግፌ ትንፋሼን ስፈልግ አገኙኝ። "ልጄ" አሉኝ፣ "ያን ዕለት ኮሪደሩን ስጠርግ አባትህን አነጋግሬያቸዋለሁ። ልጄን ነው የምጠብቀው ብለውኛል።" መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። እትዬ ግን አልፈረዱብኝም። "ጌታ ኢየሱስ ማንንም አግዳሚ ላይ አያስቀምጥም። ወደ እሱ ቅረብና እንደ ልጅ ንገረው" አሉኝ።

እዚያው በመደርደሪያዎቹ መሐል ተንበረከክሁ። እሳቸው ጸለዩ፤ እኔ "አባቴን ካድሁ፣ ጌታ ሆይ ማረኝ" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበረኝም። ሕይወቴን ለጌታ የሰጠሁት ያን ዕለት ነው። ስነሣ አየሩ እስከ ሆዴ ድረስ ገባ። ሃሌ ሉያ። ያ ሕመም እስከ ዛሬ ተመልሶ አልመጣም።

ቅዳሜ ወደ እስቴ ወርጄ አባቴ እግር ላይ ወደቅሁ። አባቴ ቀና አደረጉኝና "ይቅር ብዬሃለሁ" አሉኝ። "ነገር ግን የካድኸኝ ሰው ፊት ነው። እዚህ ጎጆ ውስጥ ለብቻችን ብታለቅስ ማን ሰማ?"

ማሲንቆዬን ከግድግዳው አወረዱልኝ። ለካስ በየዓመቱ አዲስ የፈረስ ጭራ ሲያስሩበት ኖረዋል። እዚህ ላይ አለቀስሁ።

"ደንቡን ታውቃለህ" አሉኝ። "አዝማሪ ተቀበል ብለው የሚሰጡትን ግጥም አይመርጥም። ቢያሞግሰውም ቢሰድበውም በራሱ አፍ ያዜመዋል። ይህን ካልቻልህ አትንካው።"

ሰኞ መልቀቂያ ጻፍሁ። መዝገብ ያዡ እኔው ስለሆንሁ ራሴ ቁጥር ሰጠሁት፣ ራሴ ማህተም መታሁበት፣ ራሴ ለአለቃዬ አስገባሁት። "ለማሲንቆ ብለህ ደመወዝህን ትተዋለህ?" አሉኝ። "በዚህ ጌታን ላገለግል ነው" አልኋቸው። ስለ አባቴ ግን ያን ጊዜም ፈርቼ አልነገርኋቸውም። እናንተም ብትሆኑ መጀመሪያ ማሲንቆ የጠላ ቤት ዕቃ ነው ብላችሁኛል። አልተቀየምሁም፤ ዛሬ በእሱ የምታጨበጭቡት እናንተው ናችሁ። ስሙ ይባረክ።

ጥቂት ወራት እንዳለፈ አርብ ገበያ በገበያው ቀን ስዘምር ሰው ከበበኝ። ከሕዝቡ መሐል አለቃዬን አየሁ፤ ለሥራ መጥተው ነበር። አጨዋወቴ ገርሟቸው ይሁን ሊያሾፉብኝ ፈልገው፣ እጃቸውን አንሥተው "ተቀበል" አሉ፦

"መዝገብ ቤት ሲሠራ ኩራቱ ያየለው፣
ማሲንቆ የያዘው የማን ልጅ ነው በለው።"

ገበያተኛው ሳቀ። መዝሙሬን ቀጥዬ እንዳልሰማ መሆን እችል ነበር። ደንቡ ግን ደንብ ነውና ስለ ራሴ የተጠየቅሁትን በገዛ አፌ አዜምሁት። ከዚያ ጌታ ጉልበት ሰጠኝና መለስሁ፦

"ቢሮ ተቀምጬ አባቴን የካድሁት፣
የአዝማሪው የጌጡ ልጁ ነኝ የጠፋሁት።"

አለቃዬ ጠጋ ብለው "እኒያ ማሲንቆ የያዙት ባለጉዳይ?" አሉኝ። "አዎ፣ አባቴ ናቸው" አልሁ፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ ነው ያልሁት። "ምነው ያን ዕለት በነገርኸኝ፤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣቸው ነበር" አሉ። አያችሁ፣ ያን ሁሉ ዓመት ያነቀኝ ፍርሃት ከንቱ ነበር።

ዛሬ ደመወዝተኛ አይደለሁም፤ ጫማዬም አቧራ ነው። ግን የማን ልጅ እንደሆንሁ ስናገር ደረቴ ይሰፋል። የሰማዩ አባቴ አላፈረብኝም፣ የምድሩም ይቅር ብለውኛል። ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ሰው ምን ይለኛል ብለህ፣ ብለሽ የደበቅኸው፣ የደበቅሽው ነገር ካለ ለጌታ ስጡት። እመኑት፤ አያሳፍርም።

ፓስተር፣ ደቂቃዬ እንዳለቀ አውቃለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ከበሩ አጠገብ ጋቢ ለብሰው የተቀመጡት አዛውንት አባቴ ናቸው። እኔን ሊሰሙ ከእስቴ ድረስ መጡ። እምነታቸው የራሳቸው ነው፣ እመቤታችንን ይወዳሉ፤ በጥያቄ እንዳታስጨንቋቸው።

አባባ፣ እባክዎ ወደ ፊት ይምጡ። እኔ ማሲንቆውን እመታለሁ፤ ግጥሙን እርስዎ ይስጡኝ። የሚሰጡኝን ሁሉ በዚህ ሕዝብ ፊት እቀበላለሁ።