ሴት የማይገባበት ደሴት

ቡሬን ለቅቄ የወጣሁ ዕለት እናቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ገና ጎህ አልቀደደም። በርበሬ የቋጠረችበትን ጨርቅ በመስኮት አቀበለችኝና «አባ በጸሎታቸው ያስቡሽ» አለችኝ። አባ የምትለው የገዛ ልጇን፣ ታላቅ ወንድሜን ነው። ከመነኮሰ ወዲህ አንቱ ትለዋለች።

ወንድሜ ያለው ጣና ላይ፣ ሴት በማይገባበት ደሴት ነው። አንድ ጊዜ እናቴ በሶ ይዛለት ባሕር ዳር ድረስ ሄደች። ባለታንኳው «ሱባኤ ላይ ናቸው፣ እማማ» ብሎ በሶውን ተቀብሏት ቀዘፈ። ከዚያ ወዲህ የሚያንገበግባት አንድ ነገር ነው፦ ልጇ እንዴት እንደሚኖር አለማወቋ።

ስለ መተማው፣ ስለ በረሃውና ስለ ባሕሩ ሌላው ብዙ ስላወራ እኔ አልደግመውም፤ ደክሞኛል። ብቻ አየርላንድ ገባሁ። እዚህ ክረምቱ መስከረም ጠባ ብሎ አይወጣም። ድንቹ እንደኛው ድንች ነው፣ በርበሬ ሳያዩ ይበሉታል እንጂ። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ወረቀት ሰጡኝና ሥራ አገኘሁ። ከሥራ ሁሉ ለኔ የደረሰኝ ግን ደሴት ላይ ያለ፣ የፈረሰ የወንዶች ገዳም መጥረግ ሆነ!

አለቃዬ ሾን የሚባል ሽማግሌ ነው። እንደነገረኝ፣ የመጀመሪያዎቹ መነኮሳት ወንጌል ላልሰማው ሕዝብ ሊሰብኩ፣ በበሬ ቆዳ በተሸፈነ ታንኳ ባሕሩን አቋርጠው መጡ። አገራቸውን ዳግም ላያዩ ምለው ነበር አሉ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርድረው እንደ ቀፎ ያለ ጎጆ ሠሩ። እነሱም እንደኔ ስደተኞች ናቸው፤ ልዩነቱ ፈቅደው መውጣታቸው ነው። እናቶቻቸው ምን እንዳሉ ግን ማንም አልጻፈም። ይሄ አናደደኝ።

ግቢውን ጠርጌ መቅደሱን ተውኩት። ሾን መጣ።

«ይሄንንስ ለምን አልጠረግሽውም?»

«ሴት ነኝ። የወንዶች ገዳም መቅደስ አልገባም።»

«መጥረጊያው ወንድ ሴት አይልም እኮ።»

«መነኮሳቱ ይላሉ።»

«ከሞቱ ሺህ ዓመት አልፏቸዋል!»

«ቢሞቱስ፣ ከዚህ ወጡ እንዴ?»

ራሱን አከከ። መቃብራቸው እዚያው ነው። ግን አለቃ አለቃ ነውና፣ «ሰኞ ተጠርጎ ካላገኘሁት ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» ብሎኝ ሄደ።

ሥራውን ባጣ መግቢያ የለኝም። ጫማዬን አወለቅሁ፣ አማተብሁና እርጥቡን ሣር ረግጬ ገባሁ። እየጠረግሁ አለቀስሁ። ይበልጥ የፈራሁት ግን እናቴን ነበር፤ ብትሰማ ትረግመኛለች ብዬ።

እሷ በገበያ ቀን ቡሬ ወጥታ የባለሱቁን ሞባይል ተቀብላ ታናግረኛለች። በቀጠሯችን ቀን ከፈረሱት ጎጆዎች አንዷ ውስጥ ቆሜ ደወልሁላት። መደበቅ አልሆነልኝም።

«እማ፣ የወንዶች ገዳም ገባሁ። እንጀራ ሆኖብኝ ነው።»

የገበያው ጫጫታ ይሰማኛል። እርግማኑን ጠበቅሁ።

«አንችዋ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ውስጡ ምን ይመስላል? አባ የሚተኙት የት ነው?»

ይሄ የፈረንጅ ነው፣ የፈረሰ ነው ልላት ነበር። አቃተኝ።

«ትንሽ የድንጋይ ጎጆ ናት፣ እማ። ነፋስ አታስገባም።»

«ይሞቃቸዋል?»

የቆምሁባት ጎጆ ጣራ የላትም። ዝናቡ በአንገቴ ይወርዳል።

«ይሞቃቸዋል» አልኳት።